ድምፄን አውጪልኝ

ለወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ባለቤትህ፣ ልጆችህ፣ አዲሱ ቤትህ እንዴት ናቸው? እኛ እዚህ ዳገቱ ላይ በነበርንበት አለን። ክረምቱ ከእንጦጦ ጭቃውን ይዞ ወርዶ የግቢውን በር አጣሞታል፤ ካልገፉት አይከፈትም። ብትመጣ ታየው ነበር። የእማዬ ስኳር ከፍ ዝቅ ይላል፤ አይኗም የሰው ቅርጽ እንጂ ፊት አያሳያትም። ይህን የምጽፍልህ እንድትጨነቅ ብዬ አይደለም። አንተ ካለህበት ከአያት ሰፈር ጉለሌ ድረስ ለመጨነቅ መንገዱ ሩቅ ነው።

ስልክ ስለማታነሳ በወረቀት መጣሁብህ። ከቤተ ክርስቲያንህ የላክኸው አገልጋይ ጉልላት ዛሬ ተመልሶ መጥቷል፤ የኑሕ ሱቅ በር ላይ ቆሞ በእንጨት የጫማውን ጭቃ ይፍቃል። እሱ ፍቆ እስኪጨርስ እጽፋለሁ። ፖስታውን አላሽገውም። ስለዚህ አንተ የምታውቀውንም ጭምር ከመነሻው አስቀምጠዋለሁ፤ መንገድ ላይ የሚያነበው ሰው ግራ እንዳይገባው።

ዳገት የሚባል የሮክ ባንድ ነበረን። አንተ ትዘፍናለህ፣ ጉታ ከበሮ ይመታል፣ እኔ ቤዝ ጊታር። የምንለማመደው ከኑሕ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ጓሮ ነበር፤ ጎረቤት እንዳይጮህብን ግድግዳው ላይ አሮጌ ፍራሽ ቸንክረን። አንድ አልበም ሠራን፤ ማንም አልሰማውም። ከዚያ አንተ ጌታን አገኘህ። ባንዱም አለቀ።

ዘንድሮ ኑሕ የድሮ ኮምፒውተሩን ቢከፍት የተውነው ሁሉ እዚያው ተቀምጧል። ለሙከራ የቀዳነው፣ ተሳስተን መሀል ላይ ያቋረጥነው፣ ለአልበሙ አይሆንም ብለን የጣልነው፣ ቀበሌ አዳራሽ መብራት ጠፍቶ ሕዝቡ በጭብጨባ የጨረሰልን። «ጥሩው አልበም አልተሰማ፣ እስቲ መጥፎውን እንሞክር» አለ ኑሕ። ትርፍራፊ ብለን ሰየምነው።

ይህን ሰምተህ ጉልላትን ላክህብኝ። መጀመሪያ የመጣ ዕለት ሱቁ ውስጥ ቆሞ መልእክትህን ከስልኩ አነበበልኝ፤ «እህቴ ሆይ፣ በጌታ ስም እለምንሻለሁ፣ ድምፄን በሙሉ አውጪልኝ። አንድም እንዳይቀር።»

ኑሕ ከባንኮኒው ጀርባ ሳቁ አመለጠው። «ይሄማ ፈቃድ ነው! አልበም አውጪልኝ ሲል ምን ማለቱ ነው ታዲያ?»

ጉልላት ደነገጠ። «ኧረ አይደለም ወንድም ኑሕ፣ ማውጣት ማለት… ማለቴ… ከውስጡ ማውጣት።»

«እሱስ ሰርዢ አይልም ነበር? ወይስ አማርኛውንም ከዘፈኑ ጋር ተወው?»

ምስኪኑ ጉልላት መልእክቱን ደግሞ አነበበ፣ ቃሉ በሁለተኛው ንባብ ይቀየር ይመስል። እኔ አልሳቅሁም። ሁለቱንም አደርጋለሁ፣ በለው አልኩት። አወጣዋለሁ፣ አወጣዋለሁም። አመስግኖኝ ሄደ። ነገሩ የገባው አይመስለኝም።

ድሮ ቢሆን የማይቻል ነበር፤ ሁላችንም በአንድ ማይክ ነበር የተቀዳነው። አሁን ግን ፕሮግራም አለ። ኮምፒውተሩ ያንተን ድምፅ ከከበሮው እንክርዳድን ከስንዴ እንደሚለዩት ለየው። ምሳሌውን ከኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። ዘፈኖቹ ባዶ ይሆናሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። አልሆኑም። እውነቱን ልንገርህ፣ ቀለል አላቸው። አየር አገኙ። ቤዙ የሚሰማው አሁን ገና ነው።

የተለየው ድምፅህ ለብቻው በአንድ ፋይል ቀረ። ኑሕ «ላጥፋው?» ሲለኝ በኋላ አልኩት። ስልኬ ላይ አለ። ምክንያት የለኝም። ያለ ሙዚቃ ስትሰማ ውኃ ውስጥ ገብቶ ሰው የሚጣራ ትመስላለህ። አንዳንዴ ታክሲ ወረፋ ላይ ሆኜ እሰማዋለሁ።

አሁን ወደ ስምንተኛው ዘፈን።

ቴሌቪዥን ላይ የሰጠኸውን ምስክርነት እኔና እማዬ አብረን አይተነዋል። እሷ አልጋው ጫፍ ላይ፣ እኔ እግሯ ሥር። «ማንም አልነበረኝም» አልክ። እማዬ እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ ነበር። ሳታነሳው ቆየች። ከዚያ እንጦጦ ባሕር ዛፉ መካከል ጾመህ ስትጸልይ ስምህን ያስጠራው ያ መዝሙር ከነዜማው፣ ከነቃሉ እንደ ወረደልህ ተናገርክ። አዳራሹ አለቀሰ። እማዬም አለቀሰች። እኔ ግን የማውቀውን አውቃለሁ።

ያ መዝሙር ስምንተኛው ዘፈናችን ነው፤ ጉታ የሠራው ለትኋን ነው። ግድግዳው ላይ ለቸነከርነው ፍራሽ ትኋን። መግቢያው ላይ በራሱ ድምፅ «ይህ ሳንጋብዘው ለመጣው ለአራተኛው የባንዳችን አባል ይሁንልኝ» ይላል፣ ከዚያ በባዶ ጣሳ እየመታ ይዘፍነዋል፦

ሳልጠራህ መጣህ፣ በጨለማ አገኘኸኝ፤
ደሜ ባንተ ውስጥ ነው፣ ከቶ ላትተወኝ።

አንተ ከሥር ታጅበው ነበር። መዝሙር ስታደርገው የቀየርከው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ደሜ ባንተ የሚለውን ደምህ በኔ አልከው። የቀረውን አልነካኸውም። ለማስተካከል እንኳ አልደከምክም።

የገረመኝን ልንገርህ። ዝም ብትል ኖሮ ድምፅህ ከጉታ ጋር አብሮ ይሰማ ነበር፤ የሁለታችን ነው፣ አብረን ሠራነው ትል ነበር። ማን ይከራከርህ ነበር? አንተ ግን አንድም እንዳይቀር አልክ። አንድም አልቀረም። አሁን የሚሰማው ጉታ፣ ጣሳውና ትኋኑ ነው።

ጉታ አዲሱ ገበያ ጎሚስታ ቤት ከፍቷል። ሄጄ አሰማሁት። ጎማ እየነፋ ሰምቶ ሲጨርስ እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ተይው በቃ» አለኝ። «እኔ ነኝ ውሰደው ያልኩት። ያኔ ወንድምሽ ሰው አልነበረም፤ እዚያ ፍራሽ ሥር ተኝቶ አልነሳም ብሎን ነበር። ለትኋን ከሚቀር ለእግዜር ይሁን አልኩት። ሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀ።» ወደ ጎማው እየተመለሰ «ከፈለግሽ አውጪው፣ ስሜን ግን እንዳትጽፊ» አለኝ።

ጻፍኩት። ግጥምና ዜማ፣ ጉታ። በትልቁ።

ያኔ ፍራሹ ሥር ስትተኛ ሾርባ በጣሳ ይዤልህ የምመጣው እኔ ነበርኩ። ይህን የጻፍኩት ለምን እንደሆነ አላውቅም። ልሰርዘው ነበር። ጉልላት ግን አንዱን ጫማ ጨርሶ ወደ ሁለተኛው አልፏል፤ ጊዜ የለኝም።

አልበሙ ወጥቷል። ላውጣው ወይ ብዬ አይደለም የምጽፍልህ። ስምንተኛው ከሁሉ ይልቅ እየተሰማ ነው። አንዳንድ የታክሲ ሾፌሮች መዝሙርህን ከፍተው ሲያበቃ የጉታን ያስከትላሉ፤ ረዳቶቹ ሁለቱን እየቀላቀሉ ይዘፍናሉ፣ ተሳፋሪው ይስቃል። ትናንት አንዲት ሴትዮ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳትስቅ ወረደች። የእናንተ ቤተ ክርስቲያን ሰው መሰለችኝ። የፊታችን እሑድ ጉባኤ እንዳለህ ጉልላት ነግሮኛል። ሕዝቡ እንደ ልማዱ ያንን መዝሙር ይጠይቅሃል። የሚጠይቁህ ለማልቀስ ይሁን ምን እንደምትል ለመስማት፣ ፊታቸውን አይተህ መለየት ያንተ ፈንታ ነው።

እማዬም ሰምታዋለች። እኔ አልከፈትኩላትም፤ የጎረቤት ልጅ ሄራን ናት በስልኳ ያሰማቻት። ወደ ቤት ስገባ ሁለተኛ እያስደገመች ነበር። «ይሄ ጉታ ነው» አለችኝ። ነው አልኳት። «ስለ ምንድን ነው የሚያወራው?» ስለ ትኋን አልኳት። ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ እንዲህ ስትስቅ ካየኋት ቆይቻለሁ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። «ልጄ ታዲያ ያን ሁሉ ሰው የሚያስለቅሰው በትኋን ነው?» አለች። «ደግሞ እዚህ ጋ ሌላ ድምፅ ይገባ ነበር» አለች፣ አንተ በነበርክበት ቦታ ላይ ጣቷን አንሥታ። አይኗ ቢደክምም ጆሮዋ ያው ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ያንተን መዝሙር ክፈቺልኝ ብላኝ አታውቅም። የጉታን ነው የምታስከፍተው። ቃሉንም እንደ ጉታ ነው የምትለው፣ ደሜ ባንተ ውስጥ ነው፣ ከቶ ላትተወኝ እያለች። ነገር ግን እየሳቀች አይደለም። አልጋው ላይ ቁጭ ብላ፣ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ነው የምትዘፍነው፤ ሰው የገባ በመሰላት ቁጥርም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እርምጃውን ታዳምጣለች።

አምላክ መንገድህን ያቅናልህ። ልጆችህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ። ከክፉ ዓይን፣ ከክፉ ምላስም ይሰውርህ፤ የኔንም ጨምሮ።

የእናትህ ልጅ