አንሰልም ብረት ሲያዘፍን

እሑድ፣ ጃንዋሪ 11

ልብስ አጠብኩ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደ ሙዚቃ ቡድናችን መለማመጃ ግቢ ወጣሁ፤ የደሴታችን ትልቅ የጎዳና በዓል፣ ካርኒቫል፣ እየደረሰ አይደል። ከብረት ከበሮዬ ድምፆች አንዷ ተበላሽታ ነበር። የከበሮዎቻችንን ድምፅ የሚያስተካክለው አንሰልም ጎንበስ ብሎ ጆሮውን አስጠጋ፤ በትንሿ መዶሻ ነካ... ነካ... ድንገት ጠራች። የነዳጅ በርሜል የነበረ ነገር! ላጨበጭብለት ቃጣኝ። እሱ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ ወደሚቀጥለው ሄደ።

ማታ ስነግራት እህቴ ክላውዴት ሳቀችብኝ። «አንቺ ሴትዮ፣ ሰውየው የሚያገባው በርሜል ነው! አርባ ሞላሽ፣ ሌላ ፈልጊ።»

የታጠበውን ልብስ ማጠፍ ቀጠልኩ።

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 14

ለአንሰልም ሩዝ በዶሮ ሠርቼ ወሰድኩለት። በላ። እየበላም ሌላ ነገር ያዳምጣል።

«ጣፈጠህ?»

«እእ?»

በቃ፣ እእ። እናቱን ሲቀብር እንኳ አላለቀሰም፣ ድንጋይ ነው ይሉታል። ድንጋይ እንዲህ ያሉ ጣቶች አሉት?

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 23

ነገርኩት። ብቻችንን ነበርን፣ አፌ ቀደመኝ።

«አንሰልም፣ እወድሃለሁ።»

መዶሻው ቆመ። «አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ካምና ካርኒቫል። እኔ ስመጣ ከበሮ አመታትሽ ይለወጣል። ግራ እጅሽ ይቸኩላል።»

ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል የኔን ግራ እጅ! እንዲህ አድርጎ የሰማኝ ሰው የለም። እናቴም፣ የልጄ አባትም...

«ታዲያ?» አልኩት።

መዶሻውን አስቀመጠ። «መስማት እንጂ መመለስ አልችልበትም፣ ሜርል። ሞክሬ አውቃለሁ። ሰው ጎድቻለሁ።»

ወደ ብረቱ ተመለሰ። አልሸሸም፣ አላፈረም። ለምን አልተናደድኩም?

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 26

ልምምድ አልሄድኩም። ዝናብ ነው ብዬ ላክሁ። ጠራራ ፀሐይ!

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 31

የቡድናችን አለቃ ኦስበርት ደጄ ላይ ቆሞ ጮኸ። «ሜርል! ባንቺ ቦታ የእህቴን ልጅ ላቁማት? ከበሮውን እንደ ነጭ ሽንኩርት ነው የምትወቅጠው!»

ሳቄ አመለጠኝ። «ከአንሰልም ጋር አልተጣላሁም እኮ» አልኩት።

«ማን ስለ አንሰልም አወራ?»

እውነቱን ነው። ከበሮውን ከሱ በፊት ነው የወደድኩት... እንዴት ረሳሁ? ጫማዬን አድርጌ ተከተልኩት።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 15

ትናንት የካርኒቫሉ የብረት ከበሮ ቡድኖች ውድድር ነበር። ያ ድምፅ... እንዴት ይጻፋል? መሬቱ ከእግሬ ሥር ተነሣ። ሕዝቡ ጮኸ። መሀል ላይ አንሰልምን አየሁት። ከመድረኩ ጎን ቆሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጉንጩ በእንባ ርሶ። አንሰልም! አምላኬ... ሰውየው ያለውን ሁሉ በየከበሮው ለኛ አከፋፍሎ ጨርሷል። የኔም ድርሻ እዚያው ፊቴ ነበር፣ እየመታሁት። ትዳር አይሆነኝም። ትንሽ ነገር ነው ግን አልልም።

ሁለተኛ ወጣን።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 18

ካርኒቫል አለቀ። ከተማው ደክሞት ተኝቷል። ከክላውዴት ጋር ባሕር ወረድን፣ የተጠበሰ ዓሣ በዳቦ በላን። ውሃው ውስጥ እስከ አንገቴ ገባሁ። ትልልቆቹ ወፎች ከሰማይ እየተወረወሩ ባሕሩን በረጅም መንቆራቸው ይቀዱታል... ስንት ዓመት እዚህ ስኖር አይቻቸው አላውቅም?

«እና፣ ከዚያ ወዲህ ምንም አላለሽም?» አለችኝ ክላውዴት።

«ማን?»

አፍጥጣ አየችኝ። ከልቤ ነበር የጠየቅኳት።