ሰማያዊ ከረጢቶች

ውድ እህት ዓለም፣

ይህን ደብዳቤ ማን እንደጻፈው ስታዪ ሳትጨርሺ ልታጥፊው እንደምትችዪ አውቃለሁ። እባክሽ፣ አብሮት የተላከውን ከረጢት ሳታዪ አትጣዪው። «ይቺ መርፌ ደግሞ ምን ፈለገች?» ትዪ ይሆናል። መርፌ ብለሽ ስም ያወጣሽልኝ አንቺው ነሽ፤ ለስፌቴ ይሁን ለምላሴ ግን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም።

ጓዳችን አደገች። አንቺ ስትሄጂ በመዘምራን ልብስ ቁም ሳጥን ውስጥ ተጨናንቃ የነበረችው የምግብ ጓዳ አሁን ከቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ጀርባ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ይዛለች። አናጢው መደርደሪያ ሠራልን። ዳቦ ጋጋሪው ጠዋት ጠዋት ዳቦ ይልካል። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ማቀዝቀዣ አምጥተው፣ «ትጮሃለች እንጂ ትሠራለች» ብለው አስቀምጠውልን ሄዱ። እውነታቸውን ነው፤ ቄሱ ሲሰብኩ እንኳ ከግድግዳው ወዲያ ትሰማለች። የመዘምራኑም ልብስ ሽንኩርት ሽንኩርት መሽተቱን ተወ።

ከትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ጡረታ የወጣሽ ሰሞን ነበር። ሦስት ኪሎ ምስርና አንድ ጠርሙስ ዘይት ቁም ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጠሽ፣ ቄሱን እንኳ ሳታስፈቅጂ ለሰው ማካፈል ጀመርሽ። ከዚያ እኔ ቤት መጥተሽ የአዳራሹን አሮጌ ሰማያዊ መጋረጃ የስፌት ጠረጴዛዬ ላይ ወረወርሽው።

«ስልሳ ከረጢት አድርጊልኝ። ሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን።»

«ምነው፣ ወታደር ልታሰልፊ ነው?»

«የሚያመጣውም የሚወስደውም አንድ ዓይነት ከረጢት ይዞ በአንድ በር ይግባ። ሊወስድ የመጣ አሮጌ ጋዜጣ ይክተትበት፣ ለእንቁላል መጠቅለያ ይሆነናል። ሊሰጥ የመጣም አንዲት ሽንኩርት ብትሆን ይዞ ይውጣ። ማን ምን እንደሆነ እኛም አንወቅ።»

በሩ ላይ የሚቆመውም ሰው ለገባው ሁሉ «እናመሰግናለን» እንዲል አዘዝሽ። ለጋዜጣ ደግሞ ምን ምስጋና ያስፈልገዋል ብዬ በልቤ ስቄብሻለሁ።

ከዚያ ሰዉ በዛ፣ መጋረጃው አለቀ። እኔ ደግሞ ታውቂኛለሽ፣ ነገር ሁሉ መልክ መልኩን ካልያዘ ያሳክከኛል። ቡናማ ጨርቅ ፈልጌ ሠላሳ ከረጢት ሰፋሁና እያንዳንዱን እየጠየቅኩ ሰማያዊውን ለሚያመጡት፣ ቡናማውን ለሚወስዱት አደልኩ። ለስንት ሰው ማዘጋጀት እንዳለብን በቀላሉ እናውቃለን ብዬ ነው። ላስደስትሽ ፈልጌ ቀድሜ አልነገርኩሽም። በሳምንቱ ከቡናማዎቹ የመጡት አራት ብቻ ነበሩ። በሁለተኛው ሳምንት አንድም አልመጣ። ከረጢቶቹን ታጥበው፣ ተጣጥፈው፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ተደርድረው አገኘናቸው።

አልጮህሽብኝም። «ሰዉ ላይ ምልክት አደረግሽበት» ብቻ ነው ያልሽው። እኔ ግን ጥፋቴን እንደማመን፣ «ካፈሩ ታዲያ እኔ ምን ላድርጋቸው!» አልኩሽ። ያቺን ቃል እንዴት አድርጌ ልዋጣት? በዚያው ወር ልጅሽ ጋ ለመኖር ስትሄጂ፣ መኪናው በደጄ ሲያልፍ መስኮቱ ጋ ቆሜ ነበር። አልወጣሁም።

ከሄድሽ በኋላ አንድ ቅዳሜ በርሜል ሙሉ ውሃ አፍልቼ፣ ሰማያዊ ቀለም በጥብጬ፣ ያገኘሁትን ከረጢት ሁሉ አሮጌ አዲስ ሳልል ነከርኩት። እጄ እስከ ክርኔ ሰማያዊ ሆኖ አሥር ቀን ቆየ። ባለቤቴ ሾፌሩማ፣ «ሴትዮ፣ ሰማይ ስታጥቢ ነው የዋልሽው?» እያለ መሳቂያ አደረገኝ። ቡናማ የሰጠኋቸውን አውቃቸዋለሁና፣ ያንን እጄን ይዤ በየቤታቸው ዞርኩ። «አጥፍቻለሁ፣ ይህን ተቀበሉኝ» አልኳቸው። በሩን ሳይከፍት ያናገረኝም ነበር። ቢሆንም አንድ በአንድ ተመለሱ።

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። ባለፈው ዓመት ሾፌሩ ወገቡን ታሞ ሰባት ወር ተኛ። እሱን ሳስታምም የእኔም ስፌት ቆመ። አንድ ጠዋት የሩዙን ጣሳ ብገለብጠው ጠብ የሚል ነገር የለም። ከረጢቴ ውስጥ አሮጌ ጋዜጣ ከትቼ ወጣሁ። በየሳምንቱ የምመላለስበት መንገድ ነው፤ ግን ሁለት ጊዜ ከመንገድ ተመለስኩ። በሦስተኛው ስደርስ በሩ ላይ የቆመችው ጡረታ የወጣችው ነርስ ነበረች።

«እናመሰግናለን» አለችኝ፣ ፈገግ ብላ።

እንደ ወትሮው ልሰጥ የመጣሁ መስሏት ይሁን፣ ገብቷት ይሁን፣ አላውቅም። ጋዜጣዬን ከእንቁላሉ አጠገብ አስቀመጥኩ። ሩዝ፣ ዘይትና ዳቦ ይዤ፣ አንገቴን ሳልደፋ ወጣሁ። ቤቴ ስገባ ግን አለቀስኩ። ያ ከረጢት ያን ቀን ቡናማ ቢሆን ኖሮ ከደጄም አልወጣም ነበር። ያኔ ያልሽኝ ነገር የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ዛሬ ደህና ነን። ሾፌሩ መሪውን ጨብጧል፣ እኔም የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋሁ ነው፤ ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ምስር ይዤ እሄዳለሁ። ደስ ብሎኛል። የጎደለሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ። አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በዪኝ።

በሚመጣው ወር የመጀመሪያው እሑድ ሦስተኛውን ክፍል እንከፍታለን። ቄሱም፣ «የቁም ሳጥኔ ሌባ ሳትመጣ አልባርክም» ብለዋል። ከረጢቷ የራስሽ ናት፣ መጀመሪያ የሰፋኋት። ቁም ሳጥኑን ስናነሳ ከጀርባው ወድቃ አገኘኋትና ቀለም ነክሬ እጀታዋን አጠበቅኩልሽ። ሥራ ጨርሰሽ ስትወጪ እሷን አንጠልጥለሽ ነበር የምትሄጂው። ውስጧ አንዲት ሽንኩርት ይኑር የሳምንት ቀለብ፣ ያኔም አላየሁም፣ አሁንም አልጠይቅሽም።

ስትመጪ ጋዜጣ ክተቺባት። ያን እሑድ በሩ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ።

ያንቺዋ መርፌ