ሐራ ያልሄዱት መምህር ተፈራ ወልዴ

መምህር ተፈራ ወልዴ ከአባታቸው ከአቶ ወልዴ እንግዳ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ፋንቱ ይማም በሀብሩ፣ መርሳ ከተማ በ1954 ዓ.ም. ተወለዱ። በመርሳና በወልድያ ተምረው፣ ከ1975 ዓ.ም. ጀምሮ ጤናቸው እስኪከዳቸው ድረስ በመርሳ ባዮሎጂ አስተማሩ። በ1980 ዓ.ም. ከወ/ሮ የሺመቤት ስዩም ጋር ጋብቻ መሥርተው ልጃቸውን ቃልኪዳንን ወልደዋል።

ይህን የጻፍኩት ታናሽ እህታቸው ሙሉ ነኝ። ታላቅ ወንድማችን ግርማ በ1984 ዓ.ም. ከሠራዊቱ ተበትነው ሲመለሱ አእምሯቸው ታወከ። እናታችን ለጠያቂ ሁሉ «ለንግድ ሐራ ሄዷል» ይሉ ነበር፤ ግርማ ግን ሐራ ከተማ ሳይሆን እቤታችን ጓዳ ነበሩ። «ሐራ መሄድ» የቤታችን ቋንቋ ሆኖ ቀረ። በ1988 ዓ.ም. መምህር ተፈራን ድባቴ ከአልጋ ሲያውላቸው እርሳቸውም «ሐራ ሄዱ» ተባለ። አንዲት ጎረቤት ሲመለሱ ሽንኩርት እንዲያመጡላት አደራ አለች። ጉድ እኮ ነው! ከአልጋው ያልወረደ ሰው ሽንኩርት ከየት ያምጣ?

ደሴ ታክመው መድኃኒት ጀመሩ፣ ወደ ክፍላቸውም ተመለሱ። በክረምት ትምህርት ዲግሪያቸውን ሲሠሩ ያጠኑት ይህንኑ ሕመም ነበር። ሴሮቶኒን የሚባለው ንጥረ ነገር በአንጎል ሴሎች መካከል መልእክት ያደርሳል፤ መልእክቱን የሚይዝ ተቀባይ አለው፤ ተቀባዩ የሚሠራው በዘረመል ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ ግን በሁሉም ሰው እኩል አይነበብም ይሉን ነበር። «አለ» የሚለው ቃል ላልቶ ሲነበብ «ተናገረ» ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ «ይገኛል» ነው፤ ፊደሉ ያው ነው። በልጅነት የደረሰ ረሃብና ፍርሃት ንባቡን ሊለውጠው፣ ተቀባዩም ሊበዛ ወይም ሊያንስ ይችላል። ዘር ብቻውን አይፈርድም፤ ሳይንሱም ገና ያልደረሰበት ብዙ ነው ይሉ ነበር።

በጥር 2004 ዓ.ም. ለቃልኪዳን ሽማግሌ መጣ። እንደ ደንቡ ዘር ተቆጠረና «በዘራችሁ የአእምሮ በሽታ አለ ወይ?» ተባለ። ግርማ የዚያን ዕለት «ሐራ» ነበሩ። ሁላችንም አቀረቀርን። መምህር ተፈራ ግን «አለ፤ ወንድሜም እኔም ታመናል» አሉ፤ ስለ ንባቡም አስረዱ። ማን ሰምቷቸው! ሽማግሌዎቹ እህል ሳይቀምሱ ወጡ፣ እስከ ዛሬም አልተመለሱም። ቃልኪዳን አባቷን አኮረፈች። እኛም ምናለ ዝም ቢሉ ብለን ተቆጣን። እውነቱን ለመናገር ዝም ማለቱም መናገሩም አድክሞናል።

በ2005 ዓ.ም. ኩላሊታቸውን ታመሙ። ወልድያ እያመላለሰች ያስታመመቻቸው ያችው ያኮረፈችው ልጃቸው ናት። በሕክምናና በጠበል ሲረዱ ቆይተው የካቲት 23 ቀን 2006 ዓ.ም. በተወለዱ በ52 ዓመታቸው አረፉ።

ይህ ጽሑፍ ሲዘጋጅ ከዘመድ መካከል «የአእምሮውን ነገር ተዉት፣ ልጅቱ ቆማ ትቀራለች» ያሉ ነበሩ። ቃልኪዳን ግን «ይጻፍ። እኔን የሚያገባ ይህን አንብቦ ይምጣ» አለች። ስለዚህ ተጽፏል።

መድኃኔዓለም የደከመች ነፍሳቸውን ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም ጽናቱን ይስጠን። ባለቤታቸው ወ/ሮ የሺመቤት፣ ልጃቸው ቃልኪዳን እና እኔ እህታቸው አለን። ወንድማቸው ግርማም አሉ፤ ይህ በቀብሩ ላይ ሲነበብ ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል። ሐራ አልሄዱም።