አባዬ ያያቸው ሦስት መብራቶች

ማክሰኞ፣ ጥር 7
አባዬ ካፒቴን ነው። ቤታችንንም እንደ አውሮፕላን ነው የሚያስነሳው። ዛሬም በር ላይ አሰልፎን ቼክሊስት አነበበ።
"ጋዝ?"
"ተዘግቷል!" እማዬ።
"መስኮት?"
"ተዘግቷል!" እኔ።
"ቁልፍ?"
ሃያ ደቂቃ ፍለጋ። ከራሱ ኪስ ውስጥ ተገኘ። እንዳልስቅ ጉንጬን ነከስኩ።

ዓርብ፣ ጥር 10
ጠዋት ከሌሊት በረራ ገባ። ሻዩን ሳይነካው ቀዘቀዘ። ከእማዬ ጋር በሩን ዘጉ። ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ... ምን ላድርግ፣ ልማዴ ነው።
ከደመናው በላይ ሦስት መብራቶች አይቷል! ጎን ለጎን ሆነው አሥር ደቂቃ አብረዋቸው በረሩ። ከዚያ ሽቅብ ተፈተለኩ። ራዳሩ ላይ ምንም የለም።
"ሪፖርት ጻፍክ?"
"ጽፌስ? 'ካፒቴኑ ለየለት' ብለው ሐኪም ፊት ያቆሙኛል። የበረራ ፈቃዴን ቢነጥቁኝስ?"
"ረዳት አብራሪህስ? ልጅቷ?"
"እሷማ... ጽፋለች።"

ቅዳሜ፣ ጥር 11
እማዬ ምስጢሩን ለአጎቴ ነገረችው። እሱ የማያውቀው ነገር የለም። መጀመሪያ "ኮከብ ነው" አለ።
"ኮከብ እሽቅድምድም ይወዳል እንዴ?" አልኩት።
"አንቺ፣ ትልቅ ሰው ሲያወራ!"
ከዚያ ፊኛ ሆነ። ከዚያ የእንቅልፍ እጦት። በረንዳ ላይ ሲቆም ራሱን የሚያዞረው ሰው ስለ ሰማይ አስተማረን።

ሰኞ፣ ጥር 13
ነገ አለቆቹ አባዬን ሊጠይቁት ነው። ማታ ረዳቷ ደወለች። አባዬ ስልኩን ድምፁን ለቆ ጠረጴዛ ላይ አድርጎ ስለሚጮህበት ሁላችንም ሰማን።
"ካፒቴን፣ እርስዎ አላየሁም ካሉ እኔ ቅዠታም ተብዬ መቅረቴ ነው። ሥራ ከጀመርኩ ገና ሁለት ዓመቴ..."
"አስብበታለሁ" ብሎ ዘጋ። ምኑን ነው የሚያስበው?
"አባዬ፣ የጎረቤት መስታወት ሰብሬ ጓደኛዬ የተቀጣች ጊዜ፣ ጆሮዬን ይዘህ የት ነበር የወሰድከኝ?"
"ያ ሌላ ነው።"
"አዎ። ያኔ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።"
እማዬ ቶሎ ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። በሳቅ!
አባዬ ግን አልሳቀም። አልተቆጣም ደግሞ።

ማክሰኞ፣ ጥር 14
ጻፈ! ሁለት ገጽ ሙሉ፤ ከነስዕሉ። (ሦስት ድንች ነው የሚመስለው።) ፈርሞ ሰጣቸው። እንደፈራውም ሆነ፤ ሐኪሞች እስኪያዩት መብረር የለም።
ረዳቷ ግን ሐኪም ቀድሞ ስላያት፣ አሁን ደግሞ ምስክር ስላገኘች፣ ነገ ትበራለች።

ሰኞ፣ ጥር 20
ቤት የዋለ ካፒቴን ከመዓት ይቆጠራል። ዛሬ የእኔን ቁም ሣጥን መረመረ። ሐኪሞቹ ምነው ቢፈጥኑ?

ረቡዕ፣ ጥር 29
ዓይን ደህና። ልብ ደህና። አእምሮም ደህና! (እማዬ "ሌላ ሐኪም ይድገመው" አለች።) ነገ ይበራል፤ ከዚያችው ልጅ ጋር።
ከሰዓት አንድ ጡረታ የወጡ ካፒቴን ወሬውን ሰምተው ደወሉለት። እሳቸውም ድሮ አይተው፣ ፈርተው፣ ለሚስታቸው እንኳ ሳይናገሩ ኖረዋል። አንድ ሰዓት ሙሉ አወሩ። እንደ ሕፃን ነው የሚንከተከቱት።
ስልኩን ሲዘጋ ጠየቅኩት።
"ግን ምን ነበሩ?"
"አላውቅም።"
አባዬ! አላውቅም! ከተወለድኩ ጀምሮ ከአፉ ሰምቼው አላውቅም። ድገምልኝ አልኩት።
ደገመልኝ። እየሳቀ።