ተረከዝ ያላስለካ ይቀጣል

ሰኞ

ማንም አልመጣም። ጠዋት ከአዳማ ስንነሳ ሂንዲያ «ዶክተር፣ ወንበሩ ይበቃ ይሆን?» ብላ ተጨንቃ ነበር። አብራኝ የምትሠራ ነርስ ናት፤ ወላጆቿ የወሎ ሰዎች፣ እሷ ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ደራ። ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ባዶ ወንበር ስንጠብቅ ዋልን።

ይዘነው የመጣነው ማሽን የተረከዝን አጥንት ጥንካሬ ይለካል። መርፌ የለው፣ ደም አይቀዳ፣ አያም። እግርን አስገብቶ ትንሽ መቀመጥ ብቻ። የአዲስ አበባ ጓደኛዬ ነው ያዋሰኝ፤ ቅዳሜ ጠዋት ይመለስልኝ ብሏል።

ከዚህ አካባቢ ዳሌያቸው ተሰብሮ አዳማ የሚመጡልኝ እናቶች በዝተዋል። ደጃፋቸው ላይ፣ ጓዳቸው ውስጥ ወድቀው። አንድ ጊዜ እንኳ ከመውደቃቸው በፊት ላገኛቸው ፈልጌ ነው ይህን ጥናት የጀመርኩት።

ማክሰኞ

ሁለት ሰዎች መጡ። አንዷ ራሷን አሟት፣ ሌላዋ የጠፋ በግ ፍለጋ።

ሂንዲያ ተስፋ ስትቆርጥ የሴቶች እድር ሰብሳቢዋ ዘንድ ወሰደችኝ። እትዬ አስካለ፣ የበርበሬ ነጋዴ። ስለ አጥንት መሳሳት አንጀቴ እስኪርስ አስረዳሁ፤ እሳቸው በመሃል በርበሬ ይመዝናሉ። ስጨርስ «ነገ ይመጣሉ፤ በል ሂድ» አሉኝ። ተማሪ ሳለሁም እንዲህ አልተባረርኩም። ግን ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ረቡዕ

ግቢው ሞላ! ነጠላ የለበሰ፣ ሂጃብ ያደረገ፣ ምርኩዝ የያዘ፣ ሁሉም እግሩን ታጥቦ መጥቷል። ልዘፍን ምንም አልቀረኝም።

ከዚያ አንዲት እናት «ቅጣቱ ለቅሶ ከቀረ ሰው ጋር እኩል ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

የምን ቅጣት? ለካ እትዬ አስካለ ማታውኑ የእድሩን ጥሩምባ ነፊ በየሰፈሩ አዙረውታል፦ ተረከዝ ያላስለካ ይቀጣል!

ራሴን ያዝኩ። ጥናት በሰው ፈቃድ እንጂ በማስፈራሪያ አይሆንም። ዝም ብል ሁሉም ይለካሉ፤ ብናገር ቅዳሜ ባዶ እጄን ነው የምገባው። እውነቱን ልጻፍ፣ ዝም ልል አስቤ ነበር። ሂንዲያ ዓይን ዓይኔን ታያለች።

ወንበር ላይ ወጣሁ (የአጥንት ሐኪም ሆኜ!) «እናቶቼ፣ ቅጣት የለም። ያልፈለገ ሰው መሄድ ይችላል።» ሂንዲያ በኦሮምኛ ደገመችላቸው። ወዲያው ጫማ ማንሳት ተጀመረ። «ተባረክ ልጄ» እያሉ ወጡ። ይበልጥ ያናደደኝ ምርቃቱ ነው።

አንዲት አዛውንት ብቻ ቀሩ፤ አዴ ፋጡማ ይባላሉ፣ አዴ በኦሮምኛ እትዬ እንደማለት ነው። «እኔን በዕድሜዬ እድሩ አይቀጣኝም» አሉ። «ታላቅ እህቴ ወድቃ ካልጋ ሳትነሳ ቀረች። የኔን እወቅልኝ ብዬ ነው።»

ለካናቸው። ሳስቷል። አልደበቅኳቸውም። መድኃኒት እንዳለው፣ ደጃፋቸው ላይ የሚያዳልጥ ሸራ ካለ እንዲያነሱ ነገርኳቸው። «አልሃምዱሊላህ፣ ሳልወድቅ ታወቀልኝ» አሉ።

ሐሙስ

በማለዳ እትዬ አስካለ በቁጣ ከተፍ አሉ። «እኔ የሰበሰብኩትን አንተ ትበትናለህ?» ይቅርታ ጠየቅኩ፤ በአቋሜ ግን ጸናሁ። ጥለውኝ ሄዱ። ምሳ አልበላልኝ አለ።

ከሰዓት አዴ ፋጡማ ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው ብቅ አሉ። የእሳቸውን ነገር እኔ ለማንም አልተናገርኩም፤ ራሳቸው ቤት ለቤት ዞረው አውርተውታል። «የኔን ሳይዋሽ ነገረኝ» ብለው።

እያንዳንዷ እናት መጀመሪያ ትሞክረኛለች።

«መሄድ እችላለሁ?»

«ይችላሉ።»

«እሺ፣ ለካኝ።»

ተረከዝ ላይ የምንቀባው ጄል እስኪያልቅ ለካን! ሂንዲያ ሌላ ፍለጋ አዳማ ደወለች።

ዓርብ

ከጁምዓ በፊትም በኋላም ሰልፍ። ወገቤ ተቆረጠ። የሳሳባቸውን ለይተናል፤ አዴ ፋጡማና እነሱ ሰኞ መድኃኒት ይጀምራሉ። አንዳቸውም ገና አልወደቁም።

በመጨረሻ እትዬ አስካለ መጡ። እግራቸውን አስገብተው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ለካ እኚህ ሴትዮም ፈርተው ኖሯል። ደህና ነበር። አንድ ዓይናቸውን ገልጠው «ከፋጡማ ይበልጣል?» አሉ። የሰው ምስጢር አልናገርም አልኩ። ተኮሳተሩ።

ከዚያ ተነስተው በሁሉም ፊት አወጁ፦ ዶክተሩ የሰብሳቢን ቃል በመሻሩ ሁለት ሳጥን ለስላሳ ተቀጥቷል።

«ለአጥንት ወተት ይሻላል፤ ወተት ላምጣ» ብዬ ለመንኩ።

«ዓርብ እኮ ነው ሰውዬ!» ግቢው በሳቅ ፈረሰ።

«ደግሞስ እኔ አባል አይደለሁም።»

እትዬ አስካለ ገርሟቸው አዩኝ። «አባል ያልሆነ ሰው በምን ሕግ ይቀጣል?»

ሂንዲያ ጠጋ ብላ «ወንድ ቢሆኑም ስምዎን ዛሬ ጠዋት የእድሩ መዝገብ ላይ አስፍረውታል» አለችኝ። እንባዬ መጣ፤ ላቤን የምጠርግ መስዬ ጠረግኩት። ለስላሳውን ልገዛ እየሮጥኩ ወጣሁ።

ማሽኑ ነገ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል። እኔ ደግሞ እሑድ ጠዋት ደራ የእድር ስብሰባ አለብኝ።