አራት ወይስ ስምንት ኪሎባይት

ሰኞ
ሃሺም ዛሬም በሰው ፊት «ቋጣሪ» አለኝ። ሁለታችንም አሶሳ ኮምፒውተር እናስተምራለን፤ አሁን ለባምባሲ ጤና ጣቢያ የክትባት ፍሪጅ የሚጠብቅ ሣጥን እየሠራን ነው። ፍሪጁ ሲሞቅ መጮህ አለበት። ሣጥኑ ግን በመሀል ሥራ አቁሞ ድርቅ ይላል።

ሃሺም የከርነሉ፣ ማለትም ሣጥኑን የሚመራው ዋና ፕሮግራም፣ ስታክ ጠቧል፣ ስምንት ኪሎባይት ይሁን ባይ ነው። እኔ አራት ይበቃል እላለሁ። ለእያንዳንዱ ሥራ ስምንት ካደልን የሙቀቱን መዝገብ የምንይዝበት ሜሞሪ አይተርፍም። የሚያደርቀው የእሱ ኮድ ነው!

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሲስተር ዘሃራ ቃሉን ከሃሺም ሰምታ ኖሮ፣ ደውላ ስታክ ምንድን ነው አለችኝ። ከርነሉ ሥራውን እስኪጨርስ የያዘውን የሚያስቀምጥበት ቦታ ነው አልኳት።
«ታዲያ ቦታ ለምን ትሰስቻለሽ?»
እሷም የእሱ ወገን ሆነች።

ማክሰኞ
ሳይነግረኝ ስምንት አድርጎታል። ሣጥኑ ቀኑን ሙሉ ሠራ። «አየሽ?» አለኝ ተማሪዎች እየሰሙ። ምሳ አልበላሁም። ማስታገሻ ሰጥቶ ዳነ ማለት!

ረቡዕ
ስታኩን አስቀድሜ በምልክት ሞልቼ፣ ኮዱ ሲሠራ ምልክቱ እስከ የት እንደሚጠፋ አየሁ። አገኘሁት። የሙቀት መለኪያው መልስ ካልሰጠ የሃሺም ኮድ እንደገና ለመጠየቅ ራሱን ይጠራል፣ ደግሞ ይጠራል፣ በጠራ ቁጥር ስታክ ይበላል፣ ማቆሚያ የለውም። አሥራ ስድስትም ብንሰጠው ይሞላል። ነገርኩት።
«ወላሂ፣ የደሴ ሰው ስለ አሶሳ ሙቀት ሊያስተምረን መጣ!»
«ያንተ ኮድ ደግሞ ሄዶ መመለስ አያውቅም» ብዬ በሩን ጠረቀምኩበት። ደስ አለኝ። ቆይቶ ግን ከነከነኝ።

ሐሙስ
ባምባሲ። ሲስተር ዘሃራ የመለኪያውን ገመድ ይዛ «ይሄ ቢነቀልስ?» አለች። ሃሺም ገላመጠኝ፤ የነገርኳት መስሎት። አልነገርኳትም። ነቀለችው። ትንሽ ቆይቶ ሣጥኑ ድርቅ አለ። ድምፅ የለም።
«ክትባቱ ቢበላሽ እኮ እኔ ልጆቹን ውሃ ነው የምወጋው» አለች።
ቀና ብለን አላየናትም። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ።

ዓርብ
ከጁምዓ በኋላ መጣ። ይቅርታ የለም። ኮዱን ግን አስተካክሎታል፤ መለኪያው ደጋግሞ ዝም ካለ ሣጥኑ ይጮሃል። እኔም ስታኩን ወደ አራት መልሼ ሞከርኩት። የሣጥኑ ሰዓት ቆጣሪ በየጊዜው ሥራ አቋርጦ የራሱን ሲጨምርበት ስታኩ ሞልቶ ፈሰሰ። የእኔም አራት አልበቃም! ሃሺም ስክሪኑን አየ። ቢስቅ ኖሮ አንቀው ነበር።

ስድስት ብዬ ጻፍኩ። አልተቃወመም። መዝገቡም ቦታ አገኘ።

ገመዱን ነቀልኩት። ሣጥኑ ጮኸ። ጆሮ ይበሳል። ማናችንም ለማጥፋት አልተነሣንም።