ግድግዳ ላይ የመጣሽ ዕለት

ይድረስ ለልጄ ለቢልቂስ። እኔ አባትሽ ሰባ ዘጠኝ ሞላኝ፤ አልሐምዱሊላህ ውሃዬን ራሴ እቀዳለሁ፣ ወጤን ራሴ እሠራለሁ፣ ይችንም ደብዳቤ በመሠረተ ትምህርት በያዝኳት ፊደል ራሴ ነኝ የምጽፋት። አንቺስ አፊያ ነሽ ወይ? የኮሪያ ብርድ እንዴት ይዞሻል? ዓይንሽስ ደህና ነው?

ለኮምቦልቻው የምርምር ስብሰባ እመጣለሁ ብለሽኝ ከመስከረም ጀምሬ ሙክት ስቀልብ ከረምኩ። ኋላ ደውለሽ ሥራ አልለቀቀኝም፣ በቪዲዮ ነው የማቀርበው ስትይኝ፣ ይሁን ብዬ ዘጋሁት። ሳልነግርሽ ግን በሚኒባስ ደሴ፣ ከደሴም ኮምቦልቻ ወረድኩ።

በር ላይ ጥበቃው፣ አባባ ይኸ የምሁራን ስብሰባ ነው፣ ሐኪም ቤቱ ወዲያ ነው አለኝ። የታመምኩ መሰልኩህ? የምትናገረዋ ልጄ ናት ብለው ሳቀና አስገባኝ።

አዳራሹ ከረባት ለባሽ ሞልቶታል፤ በጋቢዬና በከዘራዬ መሀላቸው ተቀመጥኩ። አንቺ ግድግዳውን ሞልተሽ ብቅ አልሽ። ከስተሻል። አሰላሙ አለይኩም ስትይ፣ ሰላምታ ሳይመለስ አይታለፍምና ብድግ ብዬ ወአለይኪ ሰላም ልጄ አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አንቺ ግን ሳትሰሚኝ ቀጠልሽ።

አጠገቤ የነበረችው መምህርት፣ አቢጌል የምትባለዋ፣ እንግሊዝኛውን ትፈታልኝ ነበር። ልጅዎ መስታወት ላይ ከፀጉር ሺህ ጊዜ የሚሳሳ ሽፋን ታለብሳለች፣ ኤሌክትሪክ ይሄድበታል፣ አንዲት ብናኝ ካረፈችበት ግን ይበላሻል አለችኝ። እንግዲያ ከኛ አቧራ የራቀችው ለዚህ ነው አልኳት።

ጥያቄ ያለው ሲባል እጄን አወጣሁ። ድምፅ ማጉያው ሲደርሰኝ ግን መልሼ ሰጠኋቸው፤ የኔ ጥያቄ ሰው ፊት አይጠየቅም። ይኸው እዚህ ልጠይቅሽ፤ በእግርሽ የምትመጪው መቼ ነው?

እህትሽ አሚና ኮምቦልቻ እኔ ዘንድ ይግቡ፣ ብቻዎን ምን ያደርጋሉ ትለኛለች። ቤቱ ዝም እንዳለ አላጣሁትም። ግን እኔ ከወጣሁ፣ አንቺ ስትመጪ በሩን ማን ይከፍትልሻል?

ባልሽን ሀፊዝን ሰላም በይልኝ። ልጅሽን ሰልዋን ጉንጮቿን ሳሚልኝ፣ አማርኛውን አታስረሻት። አሚናም ከነልጆቿ ሰላም ብላሻለች።

ስላለብኝ ዕዳ አታስቢ፣ ራሴ እወጣዋለሁ። ገራዶ ያልደረስኩት ለቅሶ አለ፣ እደርሳለሁ። ለጎረቤቴ ለአሚር የሁለት ቀን አጨዳ አለብኝ፣ አጭድለታለሁ። እናትሽ ሐዋ ከተቀበረች ሦስት ዓመቷ ነው፤ የኔን ዚያራ በየጁምዓው መቃብሯ ድረስ ሄጄ እወጣለሁ። ያንቺን ግን ልከፍልልሽ አልችልም።

አባትሽ ኑርሁሴን
ቦሩ ሜዳ፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.